ሠላሳ ሦስቱ ካርድ ገፊዎች

ካሊፐር የወደፊት ባለቤቱን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ለመለካት ነው። የቀለበት ጣቷን በመለኪያው መንጋጋ መካከል በጥንቃቄ አስገብቶ «አሥራ ስድስት ነጥብ አራት» አለ፤ ጥቂት አሰብ አድርጎም «በሙቀት ጊዜ ያብጣልና አሥራ ስድስት ነጥብ ስድስት እናድርገው» ሲል ፍቅሩን ገለጸ። ባለቤቱ ይህን ታሪክ ቤቷ ለገባ እንግዳ ሁሉ ስታወራ ሠላሳ ዓመት ሆናት። እሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀለበቱ እስከ ዛሬ አለመጥበቁንም አለመላላቱንም ያስታውሳል፤ እንግዳውም ለማን መፍረድ እንዳለበት ሳያውቅ ሻዩን ይጠጣል።

እናትና አባቱ ካሊፐር ብለው አላወጡለትም። ሌላው ሰው እስክርቢቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ ካሊፐር የሚባለው ያ የብረት መለኪያ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰክቶ ስለሚውል፣ ሰፈሩ የልደት ስሙን ለመንግሥት ወረቀት ትቶለት ይህን ሰጠው። ዳቦ ይለካል፤ የወንበር እግር ይለካል፤ የጎረቤት ቀብር ላይ ሳይቀር የሬሳ ሣጥኑን ክዳን ክፍተት በዓይኑ ሲመትር ተይዟል፤ ሐዘንተኛ መስሏቸው የደገፉትም ነበሩ።

የሥራ ቦታው በጎማ ጠጋኝና በአናጢ መካከል የተሸጎጠች ክፍል ናት። አንድ ብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ዕቃ መያዣ ሞርሳና ብረት ብናኝ የጠገበ ወለል አላት። እዚያ ለወፍጮ ቀበቶ ማዞሪያ ፑሊ፣ ለውሃ ፓምፕ ዘንግ፣ ለሰባራ በር ማጠፊያ ይቀርጻል። ደንበኞቹ «ጋሼ፣ በዓይን ግምት ይበቃል» ሲሉት፣ አንድ ሰው በገዛ እናቱ ላይ ክፉ ቃል ሲናገር የሰማ ያህል ይደነግጣል።

ይህ የዕለት ሥራው ነው። ክብሩ ግን ሁለት መንገድ ማዶ፣ በመዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣ የመማሪያ ክፍል በሚያህል አዳራሽ ውስጥ ቁምሣጥን በሚያካክሉ ብረቶች ተደርድራ የምትኖረው ኮምፒውተር ናት። ሠራተኞቹ «ትልቋ» ይሏታል። በኪስ ከሚዞሩት ኮምፒውተሮች ጋር ያላት ዝምድና ዝሆን ከአይጥ ጋር ያለው ነው። የከተማው ሰው መወለዱን፣ መጋባቱንና መሞቱን የምታውቀው በቀዳዳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ የተበሳሳ ጠንካራ ወረቀት፣ ካርድ የሚሉት፣ አላት። ካርዶቹ መቶ ሰማንያ ሺህ ናቸው። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ስላለፈው፣ መለዋወጫ ላኩልን ብሎ መጻፍ ለሙት ደብዳቤ መጻፍ ነው።

ስለዚህ ለካሊፐር ይጻፍለታል። የጎማ ጥቅልሎቿን እሱ ቀርጿል፤ ሞላዎቿን እሱ ጠምጥሟል። ከሁሉ የሚኮራው ግን በካርድ ገፊዋ ነው። ካርድ ገፊ ማለት ጣት የምታህል ስስ የብረት ዝርግ ናት። ጫፏ ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር እርከን አለች። ካርዶቹ ተደራርበው ሲቀመጡ፣ ይህች እርከን የታችኛውን ካርድ ጠርዝ ነክሳ ወደ ማንበቢያው ትገፋዋለች። እርከኗ ካጠረች ምንም አትነክስም፤ ከረዘመች ሁለት ካርድ አንድ ላይ ትነክሳለች። ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ፋብሪካው ከመሞቱ በፊት የተወው ንድፍ ይህንን ልክ በቁጥር አስቀምጦታል፤ ካሊፐርም ቁጥሩን ሌላ ሰው ጸሎት በሚይዝበት አኳኋን በቃሉ ይዞታል።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ሦስት ካርድ ገፊ ሠርቷል። ትእዛዙ የሚመጣው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁልጊዜም ሦስት ሦስት ነው። አንዱ ለሥራ፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ተረድቷል። ትእዛዙን የሚሰጡት የትልቋ ጠባቂ እትዬ ዝምታ ነበሩ። ይህን ስም ያተረፉት ማሽኗ በምታነብበት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሚያስነጥሰውን ሁሉ በዓይናቸው ስለሚገሥጹ ነው። ካሊፐር ገፊዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲያመጣ ይቀበሉታል፤ ብርሃን ላይ አንሥተው ያዩለታል፤ «እጅህ አይታመምብን» ይሉታል። ከዚያ «በል ሂድ፤ ዘይት የነካ እጅ ካርድ ጋ አይቀርብም፤ እኔ አስገባዋለሁ» ብለው ይሸኙታል። አንድም ጊዜ ሲገጠም አላየም። ይህንንም እንደ አክብሮት ቆጥሮት ነበር፤ ሐኪም መድኃኒት አዝዞ ይሄዳል እንጂ በሽተኛው ሲውጥ ቆሞ አይጠብቅምና። እንዲያውም በሠርግም በለቅሶም ከማያውቀው ሰው ጋር ሲቀመጥ «የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ» ማለት ለምዶ ነበር። ፑሊውን አያነሣውም።

እንዲህ እያለ እትዬ ዝምታ ዕድሜያቸው ደረሰና ጡረታ ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ኃላፊ መጣ።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር፤ ክፉ ነገር የሚናገረው «እባክዎ» ብሎ ጀምሮ ነው። ሰኞ ጠዋት ካሊፐርን አስጠርቶ፣ እባክዎ ይቀመጡ ካለው በኋላ፣ ኮሚቴ መቋቋሙን ነገረው። ካርዶቹ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር መገልበጥ አለባቸው፤ የሚያነባቸው ደግሞ ትልቋ ብቻ ናት። ሐሙስ ጠዋት አምስት ሺህ የልደት ካርድ ይቀርብላታል። እስከ እኩለ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ሳትቆም ካነበበች ግልበጣው እስኪያልቅ ትቆያለች፤ አለዚያ ለብረት አቅላጮች ተሰጥታ አዳራሹ የስብሰባ ቦታ ይሆናል፤ ካርዶቹም ተጭነው ወደ መጋዘን ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገፊዎች አልቀው ስለነበር፣ ኃላፊው አዲስ እንዲሠራለት ጠየቀና «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ትችላለች?» አለው።

ካሊፐር ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት የኮሚቴ አባላትና ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ሰሚ ሲያገኝ ቁመቱ ይጨምራል። ትልቋ እሱ በሠራው ብረት ላይ ቆማ አፍራ እንደማታውቅ፣ ሐሙስ ካፈረች ግን የሥራ ቦታውን በር ዘግቶ ዳግመኛ ቶርኖ እንደማይነካ አስታወቀ። ኃላፊው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊውም ጻፈው።

በዚያው ቀን ገፊውን ሠራ። ከዚህ በፊት ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከሚተኛበት ሣጥን ማይክሮሜትሩን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ለካው፤ ሦስቱንም ጊዜ ንድፉን ራሱን አገኘ። አሁን የሚያባርረው ስለሌለ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ራሱ ገጠመውና ሃምሳ የልደት ካርድ አስቀመጠላት።

ትልቋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርዶች አንድ ላይ ነክሳ አነበበችና፣ አንድ ጡረታ የወጣ ሰውዬንና አንዲት ጥርስ ያላወጣች ሕፃንን መንታ አደረገቻቸው። ከዚያ ሦስት ካርድ በአንድ ጊዜ ልትውጥ ሞክራ ታነቀች።

ማክሰኞ ሌላ ገፊ ሠራ። መንታዎቹ በዙ። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ሠራ፤ ወንድማማችነት በከተማው ተስፋፋ። ካሊፐር በመጀመሪያ ካርዶቹን፣ ቀጥሎ አየሩን፣ ቀጥሎም የኃላፊውን አመለካከት ወነጀለ። ቁጥሩን ግን አልጠረጠረም። ቤቱ ገብቶ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያፈጥበት ባለቤቱ ሳህኑን በንድፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው። «ማሽኗ ወረቀት ይዛለች፤ አንተ ደግሞ ይኸውልህ። ለምን እትዬን ሄደህ አትጠይቃቸውም?»

«ምን ብዬ? የእሳቸው ሥራ አቧራ መጥረግ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አቧራ ብቻ ጠረጉ? እንዲህ የሚያስጠርግ አቧራ ከየት አመጡ?»

ካሊፐር መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ የሳህኑን ስፋት ለካ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጠያቂ ሳይሆን ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ መስሎ፣ እትዬ ዝምታ ቤት ሄደ። መስኮቱ ሥር በጣሳ የተከሉትን አበባ ሲያጠጡ አገኛቸው። አስገብተው አስቀመጡት፤ ሻይ ሰጡት። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ጉልበታቸው ተነጋገሩ፣ ስለ ኪራይ ቤቶች ጣሪያ ረዘም ያለ ሐሳብ ተለዋወጡ። በመጨረሻ እሳቸው ስለ ትልቋ ጠየቁት። ደኅና ናት አላቸው። በጣም ደኅና ናት።

እትዬ ዝምታ አስነጥሶ የተያዘ ሰው በሚያዩበት ዓይን አዩት።

«ስንት ስንት ትነክሳለች?» አሉ።

ካሊፐር ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ ሦስተኛውን ገፊ ከኪሱ አውጥቶ ከነጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሳቸው ብርሃን ላይ አንሥተው አዩት፤ እርከኗን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሷት። ተነሥተው የእጅ ቦርሳቸውን አመጡ፤ ከመሀረብና ከመድኃኒት ሥር የጥፍር ሞረድ አወጡ። ካሊፐር ነገሩ ከመድረሱ በፊት አልገባውም። እትዬ ዝምታ ግን ገፊውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ከንድፉ ጋር አንድ ፀጉር ያልተለያየውን ጠርዝ፣ ሴት ጥፍሯን በምታስተካክልበት እጅ፣ ሦስት ጊዜ ሞረዱት።

ካሊፐር ገፊውን ከእጃቸው ሲነጥቅ ሻዩ ተደፋ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ሁልጊዜ የማደርገውን።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«ሠላሳ ሦስቱንም» አሉ እትዬ ዝምታ።

ከዚያ በሃያ ሁለት ዓመት ያልተናገሩትን በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ንድፉ የተሣለው ካርዱ አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። ካርድ ግን እንደ ሰው ነው፤ በተገፋ ቁጥር ጠርዙ ይሳሳል። ገና መጀመሪያ ያመጣቸው ገፊዎች ሁለት ሁለት መንከሳቸውን በዚያው ቀን አይተው ነበር። ሊነግሩት አስበው ወደ በሩ ወጡ፤ እሱ ግን ግቢው ውስጥ ቆሞ ለዘበኛው፣ አንዲት ነጥብ አልሳትኩም እያለ በእጁ ያሳይ ነበር። ዘበኛውም ገብቶት አይደለም፤ ብቻ አብሮት ደስ ብሎታል። እትዬ ዝምታ ተመልሰው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በሁለተኛው ዓመት ብነግርህ፣ ያኔስ ለምን አልነገሩኝም ትለኛለህ። በአሥረኛው ዓመት ደግሞ ለራሴም አፈርኩ። አንተም ደስ ብሎህ ትሠራለህ፣ እሷም ደስ ብሏት ታነባለች፤ መሀል ላይ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ካሊፐር ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሁለቱም ጆሮዎቹ የራሱ መሆናቸውን በግለታቸው አውቋል። መንገድ ላይ እየሄደ በየሠርጉ የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ ብሎ የነገራቸውን ሰዎች ቆጠረ፤ ብዙ ነበሩ። ዘበኛውንም ጨመረው። ለአፍታ ያህል ትልቋ ለአቅላጮቹ ብትሄድ እፍረቱም አብሮ እንደሚቀልጥ አሰበና፣ ሐሳቡን ማንም ሰው እንዳላየበት ዙሪያውን ተመለከተ።

ግን የለመደ እጅ አያርፍም። ገፊውን የሥራ ቦታው ወስዶ ለካው፤ በሦስት ሞረድ ከንድፉ ሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ርቋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሌላ ሰው ቢያመጣለት በመስኮት ይወረውረው ነበር። በንዴት ተነሥቶ፣ እንዴት እንዳበላሹት ለማረጋገጥ ብቻ፣ መዝገብ ቤት ሄዶ ገጠመው። ትልቋ አንድ ካርድ ነከሰች። ቀጥላም አንድ። ሃያ ሰባት ካርዶችን አንድ በአንድ ያለ ኮሽታ አነበበችለት፤ በሃያ ስምንተኛው ላይ ብቻ ሁለት አነሣች። ካሊፐር ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራላት፣ በትክክል ስታነብ ሲያያት የመጀመሪያው መሆኑን ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዝምታ በራቸውን ሲከፍቱ ደጅ ላይ ቆሟል።

«አልጨረሱትም» አላቸው፤ ገፊውን ዘርግቶ።

ከዚህ የተሻለ ይቅርታ ከእሱ እንደማይገኝ ያውቁ ስለነበር ተቀበሉት። እሳቸው ሲሞርዱ እሱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ያነብ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሞረዱ ድምፅ ሲረዝምበት፣ ስንት ጊዜ ነው የሚሞረደው ብሎ ጠየቀ። ስንት ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለው ነገሩት። ካሊፐር እንደገና ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረ።

ሐሙስ ኮሚቴው ወንበር ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። እትዬ ዝምታም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ግን ሊያስወጣቸው አልደፈረም። ትልቋ ጀመረች። አምስት ሺህ ልደት አንድ በአንድ፣ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ ወረደ። የቆመችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የኮሚቴው ሰብሳቢ እግሩን ሲዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመዷን ስለነቀለ ነው። እትዬ ዝምታ አዩት። ሰብሳቢው እስከ መጨረሻው እግሩን ሰብስቦ ቆየ።

ሲያልቅ ኃላፊው ለቃለ ጉባኤው ያህል፣ እባክዎ፣ ሰኞና ማክሰኞ ያልሠራው ዛሬ በምን ምክንያት እንደሠራ እንዲያስረዳ ካሊፐርን ጠየቀው። ካሊፐር ተነሣ። እትዬ ዝምታ ጣሪያውን ይመለከቱ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁለትን ምሥጢር ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት ሊጠብቁለት ዝግጁ እንደሆኑ ከአንገታቸው ይታወቅ ነበር። «ጥቂት ማስተካከያ» ማለት በቂ ነው። ሰሚውም ከሰኞው ይልቅ ብዙ ነው።

«እኔ በትክክል ሠራሁት» አለ ካሊፐር። «እሳቸው አበላሹት። ስለዚህ ሠራ።»

ጸሐፊው እስክርቢቶውን አንሥቶ ቀና አለ።

«ጻፈው» አለው ካሊፐር። «ሠላሳ ሦስቱንም እሳቸው ናቸው ያበላሹልኝ። ሰኞ ዕለት በእኔ ብረት አፍራ አታውቅም ያልኩት ውሸት ነው፤ በእኔ ብረት ብቻ ቆማ አታውቅም። በሬን እዘጋለሁ ብያለሁ፤ እዘጋለሁ።»

ኃላፊው የሰኞውን ቃለ ጉባኤ ገለጠ፤ ረጋ ብሎ አነበበው። እዚህ የተጻፈው፣ አለ፣ «ሐሙስ ካፈረች» ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ያፈሩት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ስለዚህ እባክዎ ይቀመጡ።

ካሊፐር ተቀመጠ። እትዬ ዝምታ ከጣሪያው ወርደው መሀረባቸውን ይፈልጉ ነበር።

ኮሚቴው ለትልቋ ሁለት ዓመት ሰጣት። አንድ ግዴታ ግን አከለ፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ዕድሜያቸው ስለገፋ፣ ገፊው የሚሞረድበት ልክ በቁጥር ተለክቶ፣ ማንም ብረት ሠራተኛ ሊሠራበት በሚችል አዲስ ንድፍ ላይ ይቀመጥ።

ይህ ለካሊፐር ከምሕረት በላይ ነበር፤ የእትዬን ሙያ ወደ ቁጥር ሊመልሰው ነው። እትዬ ዝምታን የሥራ ቦታው አስመጥቶ ንጹሕ ወንበር ሰጣቸው፤ ሦስት አዳዲስ ገፊዎችና ማይክሮሜትሩን አሰናዳ። እሳቸው ይሞርዳሉ፣ እሱ ይለካል። የመጀመሪያውን ለካው፤ ከንድፉ አምስት መቶኛ ርቋል። ሁለተኛው ሦስት ሆነ። ሦስተኛው አንድ እንኳ አልሞላም። ካሊፐር መለኪያውን ጠርጎ ደገመው።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ ሦስቱም አንድ መሆን ነበረባቸው።»

«ለምን? ይኸኛው የልደት ነው። የልደት ካርድ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ሲያስወጣው ይኖራል፤ ሳስቷል። ይኸኛው የጋብቻ ነው፤ ሰው የሚፈልገው ሲጣላ ብቻ ነው። የሞት ካርድን ማን ይጠይቃል? እንደ አዲስ ነው። ሦስት ሦስት የማዝዝህ ለምን መስሎህ ነበር?»

ለመጠባበቂያ መስሎት እንደነበረ አልነገራቸውም። በዚህ ሳምንት የነገራቸው ይበቃል ብሎ አሰበ። ብቻ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፈ፤ በማግሥቱ ሲዘንብ ሌላ ሦስት አስሞረደና ሌሎች ቁጥሮች አገኘ፤ ካርድ በዝናብ ያብጣል። ፀሐይ ስትወጣ ሌላ ሆነ፤ ሲደምን ደግሞ ሌላ። ባለቤቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁለቱን ተኮራርፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ በመካከላቸው አሥራ ሁለት ገፊ ተደርድሯል፤ አሥራ ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

በሳምንቱ ንድፉን አስረከበ። በጥቁር ቀለም በገዛ እጁ የሣለው፣ ቤተሰቡ በክፈፍ ሊሰቅለው የሚመኘው ዓይነት ንድፍ ነበር። ርዝመቱ ተጽፏል፤ ስፋቱ ተጽፏል፤ የብረቱ ጥንካሬ ተጽፏል። ከእርከኗ በምትወጣው ቀስት ጫፍ፣ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን፣ ጥንቃቄ በተሞላ ትንንሽ ፊደል «እትዬን ጥሩ» ይላል።

ኮሚቴው ንድፉን መልሶ ላከለት። በቀይ ቀለም አንድ ጥያቄ ተጽፎበታል፤ «ባይገኙስ?»

ካሊፐር ንድፉን ሞርሳው አጠገብ ዘርግቶ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከቀዩ ሥር በጥቁር «ይጠበቁ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።